የሉባባ ግራ እግር

የጨርቅ ማቅለሚያው ፋብሪካ በር ላይ ጠዋት ጠዋት በፈረስ ጭራ እንፈተናለን። ፈታኟ አንዲት የጭራ ፀጉር በመቆንጠጫ ይዛ፣ ዓይናችንን አስጨፍና የጣታችንን ጫፍ ትነካለች። የክፍት ቤት ሠራተኛ «ነካሽኝ» ካላለች አትገባም። የዝግ ቤት ሠራተኛ «ነካሽኝ» ካለ አይገባም። ሁለቱ ሰልፎች ጎን ለጎን ናቸው። እኔ ሉባባ በቀኙ፣ ባለቤቴ ሙህዬ በግራው፣ አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ተሰልፈን ገብተናል።

ኮምቦልቻ ውስጥ ዛሬ ስኳር የሌለበት ሰው ሥራ ለማግኘት ይቸገራል። አያቴ ስኳር አለብህ የተባለ ዕለት አልቅሶ ነበር አሉ። አሁን ልጅ ስኳር ሲገኝበት እናት ጎረቤት ጠርታ ዳቦ ትቆርሳለች፤ ልጥፍ ይሰጠዋላ፣ ልጥፍ ያለውን ደግሞ ማቅለሚያው ይቀጥረዋል። ልጥፉ ክንድ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ መሣሪያ ነው። ስኳሩን በሌላ መድኃኒት ይይዝና ኢንሱሊኑን ለነርቭ ያውለዋል፤ ሲጨምረው ነርቭ ይነቃል፣ ሲቀንሰው ይተኛል። ከዚህ በላይ አላውቅም፣ ያስረዳኝም የለም። የማውቀው ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እኔ ስከፈት ሙህዬ እንደሚዘጋ ነው።

ክፍት ቤት ያለነው ሴቶች ጨርቅ በጣት እናነባለን። አንዲት ያበጠች ክር፣ ቀለም አልጠጣ ያለች ነጥብ፣ የትም ብትደበቅ ጣታችን ያገኛታል። ይህን የሚሠራ ማሽን አለ፤ እኛ ከማሽኑ እንረክሳለን። ዝግ ቤት ያሉት ደግሞ ከፈላ ገንዳ ጨርቅ ያወጣሉ፣ የእንፋሎት ቧንቧ ይፈታሉ፣ ይገጥማሉ። ጓንት ሥራ ያጓትታል ተብሎ ከቀረ ቆይቷል። እጁ የማይሰማው ሰው ጓንት ምን ያደርግለታል አሉን፤ እኛም እውነት ነው አልን።

ቤት ስንገባ ሥራው አብሮን ይገባል። ቀሚሴን ገልብጬ ነው የምለብሰው፣ ስፌቱ ይፈጀኛል። በርበሬ መነካካት ከተውኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ድስት ከእሳት የሚያወርደው ሙህዬ ነው፣ ያለ ጨርቅ፣ በባዶ እጁ። እኔ ደግሞ ሲቀመጥ እጁንና እግሩን እየዳበስኩ የተቃጠለ ወይም የተሰነጠቀ ቦታ እፈልግለታለሁ። ከኋላው መጥቼ ትከሻውን ብይዘው አያውቅም፤ ዞሮ ማየት አለበት። «እኔና አንቺ ተደምረን አንድ ደህና ሰው ይወጣናል» ይል ነበር። ማታ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ልጥፉ የእኔን ያወርዳል፣ የእሱን ያነሳል፣ ለአንድ ሰዓት ያህል እኩል እንሆናለን። የሙህዬን የሚያነሳለትም የሚያመው ነገር እስካላገኘ ድረስ ነው፤ ሕመም ካገኘ መልሶ ይዘጋዋል። ትዳራችን ያቺ አንድ ሰዓት ነበረች።

ረመዳንን ማቅለሚያው ይወደዋል። የጾመ ሰው ኢንሱሊኑ ዝቅ ስለሚል ዝግ ቤት በግማሽ መድኃኒት ይዘጋል። በሩ ላይ «ረመዳን ከሪም» የሚል ጨርቅ ይሰቅላሉ፣ ቴምር በካርቶን ያድላሉ። ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ ሲደርስ ግን ቴምሩ ሌላ ሥራ ይሠራል። ልጥፉ የማያዝበትን የራሳችንን ቆሽት ይቀሰቅሰዋል፣ ቆሽቱ ያለችውን ኢንሱሊን ይለቃል፣ የተኛው ነርቭ ይባንናል። በእኛ ሰፈር አዛን ካለቀ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ከየቤቱ ማቃሰት ይሰማል። የቀኑ ሕመም ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ትንሽ ቆይቶ ልጥፉ ያውቅና መዝጊያ መድኃኒቱን ይለቃል፣ ሰፈሩ ዝም ይላል፣ ሾርባ ይቀርባል። ልጆቻችን ማፍጠር ማለት ይህ ነው ብለው ያድጋሉ።

እኛ የክፍት ቤት ሴቶች መዝጊያ የለንም፤ የሚሞላው ለዝግ ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ በውኃ ብቻ እናፈጥርና ቴምሩን ጣታችን እስኪበርድ እናቆየዋለን። ቀድማ የበላች ሴት ያን ምሽት ማንኪያ መያዝ አትችልም። በመጀመሪያው ዓመት አንዴ ሞክሬው የበር እጀታ አስለቅሶኛል።

ሰኞ ዕለት፣ ጾሙ ከገባ በዘጠነኛው ቀን፣ ሙህዬ ከሰዓት በኋላ ለሚሰገደው የዐስር ሶላት ውዱእ ሊያደርግ ወጣ። የከተማው ውኃ በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው። ማቅለሚያው ከእንፋሎቱ ቀዝቅዞ የሚመለሰውን ውኃ በአንድ ቧንቧ ይለቅላቸዋል፤ ይህንንም እንደ ትልቅ ውለታ ሲያወሩት እሰማ ነበር። ያን ቀን ማቀዝቀዣው ከረፋድ ጀምሮ ቆሟል። ለማንም አልተነገረም። ለማን ይነገራል? ዝግ ቤት ውስጥ ሙቀት የሚሰማው ሰው የለም።

ቧንቧው ውስጥ ተኝቶ የቆየው ውኃ ቀዝቃዛ ነበር። ሙህዬ በእሱ እጁን ታጠበ፣ ተጉመጠመጠ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ክንዱን እስከ ክርኑ ታጠበ፣ ራሱን አበሰ። እግር የሚታጠበው መጨረሻ ነው። እግሩ ላይ ሲደርስ የተኛው ውኃ አልቆ ትኩሱ መጣ። ቤቱ ሁሌም በእንፋሎት የታፈነ ስለሆነ ጭሱ ምንም አላለውም። ቀኝ እግሩን ሦስት ጊዜ አጠበ። ግራውን ሦስት ጊዜ አጠበ፣ በትንሿ ጣቱ በእግሩ ጣቶች መሃል እያሻሸ፣ ሳይቸኩል፣ እንደ ሱናው። ከኋላው ተራ የያዘው ሰው በዚያው ሳምንት የተቀጠረ ስለሆነ ገና በደንብ አልተዘጋም፤ እጁን ሲሰድ ጮኸ። ሙህዬ ዞሮ ምን ሆንክ ወንድሜ አለው። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይህ ነው። ከዚያ ሰገደ፣ ካልሲውን አጠለቀ፣ ጫማውን አሰረ፣ እስከ ሥራ መውጫ ድረስ ገንዳው ላይ ቆመ።

ቤት ገብቶ ሲቀመጥ እንደ ሁልጊዜው ልዳብሰው ካልሲውን ሳወልቅ ቆዳው አብሮ መጣ። ጣቴ ክፍት ስለነበር የሆነውን ከዓይኔ በፊት አወቅሁት። ቀኙ ቀልቷል፣ አብጧል። ግራው ከቁርጭምጭሚቱ በታች ተገፏል። ሙህዬ ጎንበስ ብሎ አየና «ምንድን ነው እሱ?» አለኝ፣ የሰው ዕቃ ቤቱ የተገኘበት ይመስል።

ክሊኒኩ የማቅለሚያው ነው፣ እዚያው ግቢ ውስጥ። ተረኛዋ ሲስተር አይናለም የሰፈራችን ልጅ ናት፣ ክፉ ሰው አይደለችም። አልጋው ላይ አስተኛችውና በራስጌው ያለውን አንባቢ አበራችው። አንባቢው በአጠገቡ ያለ ልጥፍ ሁሉ የጻፈውን ያነባል። ልጥፍ ሕመምን ከዜሮ እስከ አሥር ይጽፋል፤ ሰባት ደርሶ ሩብ ሰዓት ሙሉ ከቆየ ጉዳት ይባላል፣ የጉዳት ወረቀት ይወጣል። ካልቆየ ጉዳት አይደለም። ሕጉ ይኸው ነው። ከዳኛ ይልቅ ነርቭ ይመስክር ተብሎ የወጣ ጊዜ ተጨብጭቦለታል፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ።

«ሁለት ነው የሚለው» አለች አይናለም።

«እግሩን እይው እንጂ።»

«አየሁት እኮ ሉባባ። እኔ የማየው አይመዘገብም። የሚመዘገበው የሚሰማው ነው።»

ቁስሉን አጥባ በፋሻ ጠቀለለችው፤ ከዚያ በላይ አልተፈቀደላትም። ቀዶ ሐኪሙ ያለው ደሴ ነው፣ መኪናውም የሐኪሙም በር የሚከፈተው በጉዳት ወረቀት ብቻ ነው። ልንወጣ ስንል እጄን ልትይዝ ፈልጋ ክፍት መሆኔ ትዝ አላትና ተወችው። ሐኪም ቶሎ ካልጠረገው እግሩ ይሄዳል አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ እሱ እንዳይሰማ።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በዓለም ላይ የምፈልገው ነገር አንድ ነበር፤ ሙህዬን ሩብ ሰዓት እንዲያመው።

ማክሰኞ የደህንነት ክፍል ኃላፊው አቶ ናሁሰናይ ዘንድ ገባሁ። ጨዋ ሰው ነው። ክፍት ቤት ለምንሠራ ሴቶች ለስላሳ ጨርቅ የለበሰ ወንበር አስቀምጧል፣ በሩን ራሱ ነው የሚከፍትልን። ጥያቄዬን በአጭሩ ነገርኩት፤ ሙህዬ ለሩብ ሰዓት ይከፈትልኝ። ጉዳት ያልተመዘገበለትን ሠራተኛ ወደ ሕመም መክፈት ጭካኔ ስለሆነ ሕግ ይከለክላል አለኝ። ካልተከፈተ ጉዳቱ በምን ይመዘገባል አልኩት። ጥያቄው ተገቢ ነው አለ፣ ማስታወሻው ላይም ጻፈው። እግሩ እየጠቆረ ነው አልኩት። ይህንንም ጻፈው። ከዚያ ብዕሩን አስቀምጦ፣ ሊያጽናናኝ ፈልጎ ይመስለኛል፣ እንዲህ አለኝ።

«ባለቤትዎ እኮ አልተሰቃዩም፣ ወይዘሮ ሉባባ። በአያቶቻችን ጊዜ እንዲህ የተቃጠለ ሰው ስንት ቀን ይጮህ ነበር?»

በቁስሌ ላይ እንጨት ሰደደ። ከጀርባው ግድግዳ ላይ ሰሌዳ አለ፤ «ዝግ ቤት፦ 4,016 ቀን ያለ ጉዳት» ይላል። በእነዚህ ቀናት ውስጥ ጣቱ የጎደለ ስምንት ሰው እኔ ብቻዬን በስም አውቃለሁ። አንዱ ሦስት ጎድሎበታል። አንዳቸውም ሰባት ላይ ሩብ ሰዓት አልቆዩም። አመሰግናለሁ ብዬ ተነሳሁ፤ በሩን ከፈተልኝ።

ረቡዕ ፋሻውን ስፈታ ትንሿ የእግር ጣት ጥላሸት መስላለች። ሽታው በር ላይ ይቀበላል። ሙህዬ ግን ደህና ነኝ ይላል፣ ያ ደግሞ ከሁሉ በላይ ያናድደኝ ነበር። ይህን ሁሉ ቀን በዚያ እግር ቆሞ ሠርቷል፤ ለምን ብለው? የታመመ አይጾምም፣ ቢያንስ ጾሙን ተው ብለው «ልጥፉ አልታመምክም ብሎኛል» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

የሙህዬን ሳል እንኳ በግድግዳ የሚሰሙት ጎረቤታችን ጋሽ ደጉ መጡ። ዝግ ቤት ሃያ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ከቀኝ እጃቸው ሁለት ጣት ብቻ ቀርቷል። እግሩን አዩ፣ አማተቡ፣ ዱካ ላይ ተቀመጡ። አቶ ናሁሰናይ ያለኝን ስነግራቸው አልገረማቸውም። እሳቸው የሚያውቁት ሌላ ነገር ነው። መዝጊያው የሚሞላው ዓርብ ዓርብ ጠዋት በሩ ላይ ስለሆነ ሐሙስ ማታ ተንጠፍጥፎ ነው የሚገኘው። በአንድ ቴምር የመጣን ሕመም ለመዝጋት ግን ያቺው የቀረችው ትበቃለች።

«ማር አብሉት» አሉኝ። «ደጋግማችሁ። ቆሽቱ ይግፋ፣ ልጥፉ ይርጭ፣ ቆሽቱ ይግፋ፣ ልጥፉ ይርጭ፣ እስኪያልቅበት። ነገ መግሪብ ላይ፣ እዚያው አንባቢው ሥር። ይጮኻል። ሲጮህ እንዳታስቆሚው ልጄ።»

ማታውን ራሳቸው በጣሳ ማር ይዘው መጡ። ለሙህዬ ሁሉንም ነገርኩት። እጁን እያገላበጠ አየ። ይፈራል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ አሥራ አንድ ዓመት እሳት በእጁ ሲያነሳ ያየሁት ሰው ነው።

«ሉቤ» አለኝ፣ «ሕመም እንዴት እንደነበር ረስቼዋለሁ።»

ሐሙስ ከሥራ በቀጥታ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ፤ ጣቶቼ ገና ክፍት ናቸው። ሙህዬ ቀድሞኝ አልጋው ላይ ተቀምጧል። አይናለም የምናደርገውን ነግረናታል። ሰምታ ከአልጋው ሥር ባልዲ አኖረች፣ በሩን ዘጋች፣ አንባቢውን አበራች። እኔ ወንበር ስቤ ከራስጌው፣ እዚያው አንባቢው ሥር ተቀመጥኩ። ይህን ያሰበበት ሰው አልነበረም።

አዛን አለ። ሦስት ቴምር ሰጠሁት። አንዱን አፉ ውስጥ ከተተና ሌላውን ለእኔ ዘረጋልኝ።

በውኃ ብቻ እንደማፈጥር ያውቃል። ግን ሰው ለብቻው አያፈጥርም፤ ከልጅነታችን እንዲህ ነው ያደግነው፣ መንገደኛ እንኳ ቴምሩን ለሁለት ይከፍላል። የሚመጣበትን የሚያውቅ ሰው አብረሽኝ ብዪ ሲለኝ እምቢ ልበለው? በላሁ። ማሩንም እሱ አንድ ማንኪያ ሲልስ እኔም አንድ ላስኩ፣ ሲደግም ደገምኩ። ስሕተት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ተጠንቅቄ የኖርኩት ከዚህ ነበር፣ ያን ሰዓት ግን ልጥፍ ክንዴ ላይ መኖሩንም ረስቼ ነበር።

አንባቢው በመጀመሪያ ሦስት አለ። ከዚያ አምስት። መዝጊያው መጣና ወደ ሁለት ወረደ። ማር ሰጠሁት። ስድስት አለ፣ እንደገና ወረደ፣ ግን እንደ ቅድሙ አልወረደም። ጣሳው እየጎደለ ሄደ። ሰባት ሲል ሙህዬ ቀና ብሎ ተቀመጠና እግሩን አየ። ያኔ ነው ፊቱ ላይ ያየሁት፤ እግሩ የራሱ መሆኑን አወቀ።

ከዚያ ጮኸ። የባሌን ጩኸት ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። የሚይዘው ነገር ሲያጣ ሁለቱን እጆቼን ያዘ፤ የእኔ ጣቶች ደግሞ ቴምርና ማር በልተው እንደዚያ ተከፍተው አያውቁም። አሥራ አንድ ዓመት ጨርቅ ሲያወጣ የኖረ እጅ ነው፣ በትከሻው ኃይል ነው የጨበጠኝ። አንድ ነገር ቀጭ ሲል ተሰማኝ፣ ከዚያ ሌላ። ጣት በር ሲዘጋበት እንዴት እንደሚያም ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የእኔ በሩ እንደተዘጋ ቀረ። እጄን ልስብ እችል ነበር። አልሳብኩም። እኔ ብስብ ምን ሊይዝ ነው? ድምፅም አላሰማሁ፤ የሚጮኸው እሱ እንዲሆን ፈልጌ ነበር፣ ሩብ ሰዓቱ የእሱ እንዲሆን።

አይናለም ደቂቃ ትቆጥራለች። ዘጠኝ። አሥር። አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስተኛው ላይ የሙህዬ እጅ ረገበና አንገቱ ወደ ጎን ወደቀ። ራሱን ስቶ ነበር። ራሱን የሳተ ሰው አይሰማውም፣ የማይሰማው ሰው አልተጎዳም፤ አንባቢው ዜሮ ጻፈ። ሁለት ደቂቃ ጎደለ። አይናለም ፊቷን በእጇ ሸፈነች። እኔ ያን ጊዜ ያሰብኩትን አልጽፈውም። ማቅለሚያውን፣ ልጥፉን፣ የፈረሱን ጭራ፣ ያጨበጨብኩበትን እጄን፣ ሁሉንም ረገምኩ፣ በረመዳን፣ ጾሜን በፈታሁበት አፍ።

አንባቢው ጮኸ።

ጉዳት ሲመዘገብ የሚያሰማው ድምፅ ነው፣ አንዳችንም ሰምተነው አናውቅም። አይናለም ቀና አለች። የአንባቢው ገጽ ላይ ዘጠኝ ይላል፣ ሩብ ሰዓት ሞልቷል ይላል፣ ሥሩ ላይ ስም አለ። የእኔ ስም ነው። ቀና ብላ አየችኝ፣ ጉልበቴ ላይ የተንጋደዱትን ጣቶቼን አየች፣ ሙህዬን አየች። ማሽኑ የእጅ ማሰሪያውን አትሞ ተፋው፤ «ሉባባ» ይላል፣ ከአጠገቡም የደሴ መኪና መታዘዙ ተጽፏል። የት እንደሚያም የሚል ቦታ የለውም። ወረቀቱ የሚጠይቀው ምን ያህል እንደሆነ ብቻ ነው።

«እኔ የማየው አይመዘገብም ብዬሽ የለ?» አለች አይናለም። ማሰሪያውን አነሳችና በሙህዬ እጅ ላይ አሰረችው። ሹፌሩ መጥቶ ሉባባ የት አለች ሲል አልጋውን አሳየሁት፤ ማሰሪያውን አነበበና ጫነው፤ እኔም አብሬ ወጣሁ።

ደሴ ሙህዬን «ወይዘሮ ሉባባ» እያሉ ነበር የሚጠሩት፣ እሱም አቤት ይል ነበር። ያ ጢም ያለው ሰው ለምን ወይዘሮ እንደሚባል የጠየቀ አንድም ሰው የለም። ሐኪሙ ማሰሪያውን አነበበ፣ ትእዛዙን አነበበ፣ ቁስል ፈለገ፣ አገኘ። ሰኞ መጥታችሁ ቢሆን ሁለት ጣት ቆርጬ እመልሳችሁ ነበር አለን። ሐሙስ ነበር። ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቆረጠው። መዝገቡ ላይም እንደ ሥርዓቱ ሞላ፤ ሉባባ፣ ግራ እግር፣ ተቆርጧል። የእኔን የተሰበሩ ጣቶች መኪናው እስኪመጣ አይናለም በእንጨት ማንኪያ ደግፋ በፋሻ አሰረችልኝ። እነሱ የትም አልተጻፉም።

ከዒድ በኋላ ባለው ሳምንት አቶ ናሁሰናይ ቤታችን መጣ። ብርቱካን ይዞ ነበር። ሙህዬ ፍራሹ ላይ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ሰላምታ ተለዋወጡ፣ ስለ ጤና ተጠያየቁ። ከዚያ ኃላፊው የማስተካከያ ቅጽ አወጣ። በመዝገቡ ላይ ስሕተት ተፈጥሯል አለ፣ ማንንም መክሰስ አይፈልግም፣ እኔ ስሕተት ነው ብዬ ከፈረምኩ ያበቃል። ብፈርም ምን እንደሚሆን ጠየቅሁት። ሳይደብቅ ነገረኝ፤ የሙህዬ ቀዶ ሕክምና ያለ ጉዳት የተደረገ ይባላል፣ የቁስሉ ክትትል ይቆማል፣ የታዘዘለት ሰው ሠራሽ እግርም ይቀራል። ማቅለሚያውም ያለ ጉዳት ቀኑን መቁጠር ይቀጥላል። ባልፈርምስ? ባልፈርም በመዝገብ እግሬ የተቆረጠ እኔ ስለሆንኩ የማቅለሚያው በር አያስገባኝም፤ ጣቶቼ ቢድኑም ሥራ የለኝም።

«በሁለት እግርዎ ቆመው ግራ እግሬ ተቆርጧል ሊሉኝ ነው?» አለኝ። አላፌዘም፣ ከልቡ ጨንቆት ነው።

ሙህዬን አየሁት። እሱ እኔን አያይም፣ መሬት መሬት ያያል። እንድፈርም የማይፈልግ፣ እሱን ብዬ ሥራዬን እንዳጣም የማይፈልግ ሰው ፊት ነበር።

«ሕጉን እናንተ ናችሁ የጻፋችሁት» አልኩት። «የተጎዳው የተሰማው ነው ብላችኋል። ይኼ ሰው አራት ቀን በዚያ እግር ቆሞ ሁለት ነው የጻፈው። ጮሆ ራሱን ሲስት ዜሮ አላችሁት። ዘጠኝ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ሩብ ሰዓት የሞላሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ እግሩ የእኔ ነው። የቀቀላችሁት የእኔን ነው፣ የቆረጣችሁት የእኔን ነው።»

አቶ ናሁሰናይ የማስተካከያውን ቅጽ መልሶ ከተተና ሌላ አወጣ፣ የቅሬታ ነው መሰለኝ። ድምፁ ደክሞ ነበር። ግዴታው ስለሆነ ይጠይቀኛል፣ እኔም ግዴታዬ ስለሆነ እመልሳለሁ።

«ሕመሙ አሁንም አለ?»

«አለ።»

«የት ላይ ነው?»

በታሰሩት ጣቶቼ ከሙህዬ ጉልበት በታች፣ ሱሪው ታጥፎ ባለቀበት፣ ባዶው ፍራሽ ላይ አመለከትኩት።

«እዚያ» አልኩት።

ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ቆሟል። አንዴ ባዶውን ቦታ ያያል፣ አንዴ እኔን።

«ምን ታያለህ?» አልኩት፣ አንቱታው ከአፌ ጠፍቶ። «ማየት አይመዘገብም። ጻፍ። ዘጠኝ።»